ዴቪ ክሮኬትና ጂም ቦዊ ወደ ቴክሳስ የሄዱት ለነፃነት ነው ወይስ ለመሬት?

ጥያቄ፦ የዳላስ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የግዛቲቱ ታሪክ በአራተኛና በሰባተኛ ክፍል በሰፊው ይሰጣል። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል የገባችው ልጄ የሜክሲኮ ጦር በሳን አንቶኒዮ ከተማ ስላካሄደው የአላሞ ምሽግ ከበባና እዚያ ስለ ወደቁት ስለ ዴቪ ክሮኬት፣ ስለ ጂም ቦዊና ስለ ምሽጉ አዛዥ ስለ ዊልያም ትራቪስ እየተማረች ስለሆነ፣ እኔም ከእርሷ ኋላ ላለመቅረት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀምሬአለሁ። ባነበብሁ ቁጥር ግን ጥያቄዬ እየበዛ ሄደ።

እኛ ስለ አርበኛ እየሰማን ያደግነው ጠላት አገሩን ሲወርረው ቤት ንብረቱን ጥሎ ዱር ቤቴ ስላለው ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የተዋጉበት ምድር ተወላጆች አልነበሩም። ክሮኬት የቴነሲ ሰው ሲሆን ቴክሳስ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ፤ ቦዊ ከሉዊዚያና መጥቶ የሜክሲኮ ዜግነት ተቀብሎ ይኖር ነበር፤ ቴክሳስም በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። ታዲያ በማን ላይ፣ ከምንስ ነፃ ለመውጣት ነው የተነሡት? አንዱ መጽሐፍ ነገሩ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው ይላል፤ ሌላው ባሪያ የማሳደር መብትን ለማስጠበቅ የተደረገ አመፅ ነው ይላል። ደግሞስ ክሮኬት አላሞ ከመግባቱ በፊት ስሙ በመላው አገር ገንኖ ነበር የሚባለው በምን ሥራው ነው? ለልጅ የሚነገር ተረት ሳይሆን አዋቂን የሚያሳምን መልስ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ ከናሽቪል

ወንድሜ፣ ሌሎቹን ለሚያውቋቸው ትቼ ስለ ክሮኬት ብቻ ልጻፍልዎ፤ ሰውዬው የእኛው የቴነሲ ሰው ስለሆነ ታሪኩን ለመከታተል ከሌሎች የተሻለ ዕድል አግኝቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴቪድ ክሮኬት የተወለደው በ1786 በዛሬዪቱ ምሥራቅ ቴነሲ ነው። አባቱ በመንገድ ዳር መንገደኛ የሚያሳድር መጠጥ ቤት የነበረው፣ ነገር ግን ከዕዳ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ልጁም ገና በአፍላነቱ የአባቱን ዕዳ ለማውረድ ለአበዳሪዎች ለወራት በጉልበቱ አገልግሏል። በ1813 ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ በሆነው በክሪክ ሕዝብ ላይ በተከፈተው ዘመቻ በጄኔራል አንድሪው ጃክሰን ሥር በወዶ ዘማችነት ተሰለፈ። በዚያ ዘመቻ በታሉሻቺ መንደር የሆነውን ራሱ በ1834 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሳይሸፋፍን ተርኮታል፦ አርባ ስድስት ተዋጊዎች የገቡበት ቤት ከነሰዎቹ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ በረኀብ የተጎዱት ወታደሮች ከቤቱ ሥር ከነበረ ጎተራ ድንች አገኙና፣ ከላይ በተቃጠሉት ሰዎች ስብ የራሰ መሆኑን እያዩ በሉት። ይህን የምጠቅሰው ለማስደንገጥ አይደለም። በልጆች መጽሐፍ ላይ የራኩን ቆዳ ቆብ ደፍቶ የሚታየው ፈገግተኛ አዳኝ ከምን ዓይነት ጦርነት እንደወጣ ማወቅ፣ በኋላ የሠራውን ሥራ በትክክል ለመመዘን ስለሚረዳ ነው።

በኋላ የሠራው ሥራ የምለው ፖለቲካውን ነው። ክሮኬት በ1827 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ፤ በምክር ቤቱ የቆየበትን ዘመን ሁሉ የተሟገተለት አንድ ጉዳይ ቢኖር የምዕራብ ቴነሲ ድኾች የመሬት ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች ጫካ መንጥረው፣ ጎጆ ቀልሰው የሚያርሱት መሬት ላይ ምንም የባለቤትነት ወረቀት ስላልነበራቸው፣ ገንዘብ ያለው ሰው መሬቱን በጨረታ ሲገዛው ከነልጆቻቸው ይባረሩ ነበር። ክሮኬት ራሱ ከእነርሱ አንዱ ነበረና ያለሙት መሬት እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ በዚህም ከገዛ ፓርቲውና በኋላ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከአሮጌው አዛዡ ከጃክሰን ጋር ተጣላ። በ1830 ጃክሰን የቀደምት ሕዝቦችን ከመሬታቸው ነቅሎ ወደ ምዕራብ የሚያሻግረውን ሕግ ሲያቀርብ፣ ከቴነሲ ተወካዮች መካከል ተቃውሞ ድምፅ የሰጠው ክሮኬት ብቻ ነበር። በእኔ አስተያየት ከአላሞ ይልቅ ጀግና ሊያሰኘው የሚገባው ይህ ድምፅ ነው፤ የመራጮቹን ስሜት ጠንቅቆ እያወቀ ነውና የሰጠው፣ በቀጣዩም ዓመት ወንበሩን አጣ።

ስለ ዝናው የጠየቁት ጥያቄ መልሱ የማተሚያ ቤትና የቲያትር ሥራ ነው። በ1831 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ እርሱን የመሰለ፣ የአውሬ ቆዳ ቆብ የደፋ፣ ፉከራው ጣራ የሚነካ የጠረፍ ሰው የሚታይበት ቲያትር ታየና ሕዝቡ ተሻማበት። የጃክሰን ተቃዋሚ የነበረው የዊግ ፓርቲ ደግሞ “ጃክሰንን የሚቃወም የጠረፍ ሰው አለን” ለማለት ክሮኬትን በ1834 በምሥራቅ ታላላቅ ከተሞች አዞረው። ከ1835 ጀምሮ በስሙ የሚወጡ አልማናኮች (የዓመት መቁጠሪያ መጻሕፍት) ድብ በክንዱ አንቆ እንደገደለ፣ መብረቅ እንደጋለበ ይተርኩ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ገና በሕይወት ሳለ ተረቱ ቀድሞት ይሄድ ነበር ማለት ነው፤ እርሱም ተረቱ ድምፅ እንደሚያስገኝለት ስለሚያውቅ ብዙም አላስተባበለም።

በነሐሴ 1835 በተደረገው ምርጫ በጠባብ ልዩነት ሲሸነፍ ለመራጮቹ “እናንተ ገሃነም ግቡ፤ እኔ ቴክሳስ እሄዳለሁ” የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርጎ በኅዳር ወር መጀመሪያ ጉዞ ጀመረ። ጥያቄዎን በቀጥታ የሚመልሰው ከቴክሳስ በጥር 9 ቀን 1836 ለልጁ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ ቴክሳስ የዓለም ገነት መሆኗን ያወሳል፤ በቀይ ወንዝ አካባቢ ያየውን መሬት ለመያዝ ማሰቡን፣ ለአገሪቱ ሕገ መንግሥት በሚያረቀው ጉባኤ አባል ሆኖ ለመመረጥ ተስፋ ማድረጉን፣ በወዶ ዘማችነትም መመዝገቡን ይነግራታል። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ነው የተጻፉት፣ በእርሱም አእምሮ የተለያዩ አልነበሩም፦ ወዶ ዘማች መሬት ይሰጠዋል፤ መሬት ያለው ሰው ድምፅ ይኖረዋል፤ ድምፅ ያለው ሰው ይመረጣል።

ሆኖም ሁሉን ነገር ወደ ጥቅም መልሶ መጨረስም ልክ አይመስለኝም። በናኮግዶቼስ ከተማ ቃለ መሐላ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ ጽሑፉ ለጊዜያዊው መንግሥትና ወደፊት ለሚቋቋም “ለማናቸውም መንግሥት” ታማኝ እሆናለሁ የሚል ሆኖ አገኘው። ክሮኬት “ሪፐብሊካዊ” የሚለው ቃል ካልገባበት አልፈርምም አለና ቃሉ በመሐል ተጽፎ ፈረመ። መሬት ብቻ የፈለገ ሰው በዚህ አይከራከርም።

መልስ፦ የሕግ ተማሪ ከኦስቲን

የናሽቪሉ ወንድማችን ሰውዬውን በደንብ አስተዋውቀውናል፤ ነገር ግን መሬት መሬት ሲሉ ቆይተው ያ መሬት በማን ጉልበት ይታረስ እንደነበር ሳይነግሩን አለፉ። የጠያቂው ዋና ጥያቄ ያረፈው እዚያ ላይ ስለሆነ እኔ ከዚያ ልጀምር።

ሜክሲኮ በ1821 ከስፔን ነፃ ስትወጣ ቴክሳስ ሰው የሳሳባት ጠረፍ ነበረች። መንግሥት ኮማንቼ የተባሉትን ቀደምት ሕዝቦች ጥቃት የሚገታና መሬቱን የሚያለማ ሕዝብ ስለፈለገ፣ ስቲፈን ኦስቲንን ለመሰሉ አስፋሪዎች ከአሜሪካ ቤተሰቦችን እያመጡ እንዲያሰፍሩ ፈቀደ፤ ሰፋሪው የሜክሲኮ ዜጋና ካቶሊክ እንዲሆን ይጠበቅበት ነበር። ከደቡባዊው አሜሪካ የመጡት ሰፋሪዎች ያሰቡት ሀብት ጥጥ ነበር፤ ጥጡን የሚያመርቱላቸውም ይዘዋቸው የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። በ1829 የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ፣ ራሱ የአፍሪካ ደም ያለበት ሰው፣ ባርነትን በአዋጅ ሲሽር ቴክሳስ ውስጥ ከባድ ጩኸት ተነሣና ግዛቲቱ ከአዋጁ እንድትወጣ ተደረገ። ሰፋሪዎቹ ከዚያ በፊትም መላ አበጅተው ነበር፦ ባሪያውን ድንበር ከማሻገራቸው በፊት ለ99 ዓመት ለማገልገል “የተዋዋለ” ሠራተኛ አድርገው ወረቀት ያስፈርሙት ነበር። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያገለግል የማይጨርሰውን ውል ማለት ነው።

በሚያዝያ 1830 ሜክሲኮ ከአሜሪካ የሚገባውን ሰፋሪ የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም እንደ ብዙዎቹ የጠረፍ ሕጎች በወረቀት ቀረ፣ ሰዉ መጉረፉን አላቆመም። ቀጥሎ ጄኔራል ሳንታ አና ሥልጣን ጠቅልሎ የ1824ቱን ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት አፈረሰ። ይህን የተቃወሙት የቴክሳስ ሰፋሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ በመሐል ሜክሲኮ የምትገኘው የሳካቴካስ ግዛት በ1835 በዚሁ ምክንያት ተነሥታ በሳንታ አና ጦር ክፉኛ ተቀጥታለች። ስለዚህ የሕገ መንግሥት ጥያቄ የሚለው መጽሐፍ አልዋሸም፤ በኅዳር 1835 የተሰበሰበው የሰፋሪዎቹ ጉባኤ የተዋጋነው ለ1824ቱ ሕገ መንግሥት ነው ብሎ በይፋ አውጇል። ነገር ግን በመጋቢት 2 ቀን 1836 ነፃነትን ያወጀው ሌላ ጉባኤ በዚያው ወር ያጸደቀውን አዲሱን ሕገ መንግሥት አንብቡት። ባሪያ ሆኖ የገባ ባሪያ ሆኖ ይቀራል፤ የሪፐብሊኩ ኮንግረስ ባሪያን ነፃ የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ ነፃ የሆነ ጥቁር ሰው እንኳ ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ በአገሪቱ መኖር አይችልም። የአንድን አመፅ ግብ ለማወቅ አመፀኞቹ ራሳቸው የጻፉትን ሕግ ከማየት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጂም ቦዊ የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። በ1796 በኬንታኪ ተወልዶ በሉዊዚያና ያደገ ሲሆን፣ ከወንድሞቹ ጋር የመጀመሪያ ሀብቱን ያካበተው በባሪያ ኮንትሮባንድ ነው። አሠራራቸው የሕግ ሰው የሚያስደምም ነበር፦ ባሪያ ከውጭ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ የተከለከለ ስለነበር፣ በጋልቬስተን ከነበረው የባሕር ወንበዴ ከዣን ላፊት ባሪያዎችን በርካሽ ይገዙና ራሳቸው ለጉምሩክ ያስረክቧቸው ነበር። መንግሥት በጨረታ ሲሸጣቸው ጠቋሚ የሽያጩ ግማሽ ይከፈለው ስለነበር፣ ቦዊዎች በጨረታው ራሳቸው ይገዟቸዋል፤ ግማሹ ገንዘብ ተመልሶ ኪሳቸው ይገባል፣ ባሪያውም ከዚያ ወዲያ ሕጋዊ ወረቀት ስላለው በፈለጉት ገበያ ይሸጣል። ከዚያም በሐሰተኛ የስፔን የመሬት ሰነድ ንግድ ተሰማራ። ስሙ ከቢላዋው ጋር የተያያዘው በመስከረም 1827 በናቼዝ አቅራቢያ በሚሲሲፒ ወንዝ የአሸዋ ደለል ላይ በተነሣ የቡድን ጠብ፣ በጥይትና በጎራዴ ቆስሎ ሳለ ባላንጣውን በቢላዋ ስለገደለ ነው። ካቶሊክ ሆነ፣ በ1830 ወደ ቴክሳስ ተሻግሮ ዜግነት ያዘ፣ ከሳን አንቶኒዮ ታላላቅ ቤተሰቦች የአንዱን ልጅ ኡርሱላ ቬራሜንዲን አገባ፤ እርሷና ወላጆቿ በ1833 በኮሌራ አለቁ። በአላሞ ከበባ በሁለተኛው ቀን በጠና ታሞ አልጋ ያዘና እዚያው አልጋው ላይ ተገደለ። ደፋርነቱን የሚክድ የለም፤ ግን በቴክሳስ ምድር ከያዘውና ከሚጠብቀው ሀብት ተለይቶ “ነፃነት” የሚባል ነገር ለእርሱ የነበረው አይመስለኝም።

ጠያቂው፦ የዳላስ ነዋሪ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ታሪክ ትራቪስ በጎራዴው መሬት ላይ መስመር አስምሮ “ከእኔ ጋር የሚሞት ይሻገር” እንዳለ፣ ክሮኬትም ጥይቱ ሲያልቅ በጠመንጃው ሰደፍ እየተከላከለ እንደወደቀ ይተርካል። ሌላ ቦታ ደግሞ ክሮኬት ተማርኮ ተረሸነ የሚል አነበብሁ። ከሁለቱ የትኛው ነው የሚታመነው?

መልስ፦ መዝገብ አገላባጭ

እመልስልዎታለሁ። አስቀድሞ ጽኑ የሆነውን እንለይ። የሳንታ አና ጦር ሳን አንቶኒዮ የገባው በየካቲት 23 ነው፤ ከበባው 13 ቀን ፈጀ፤ በመጋቢት 6 ቀን 1836 ጎህ ሳይቀድ ጦሩ በአራት አቅጣጫ አጥሩን ወረረና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ። ተከላካዮቹ ወደ ሁለት መቶ ይጠጉ ነበር። አስከሬናቸው በእንጨት ተከምሮ ተቃጠለ። ነፃነት ከታወጀ አራት ቀን አልፎት ነበር፤ ዜናው ግን አላሞ እንደደረሰ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ትራቪስ በመጋቢት 3 በላከው ደብዳቤ ጉባኤው ነፃነትን እንዲያውጅ ሲወተውት የምናየው አዋጁን ስላልሰማ ነው። ጠያቂው ለነፃነት ነው ወይ ላሉት፣ በአላሞ የሞቱት ሰዎች የሞቱለት መንግሥት መኖሩን ሳያውቁ ነው የሞቱት ማለት ይቻላል።

የመስመሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የወጣው በ1873 ነው፣ ከነገሩ 37 ዓመት በኋላ፤ ጸሐፊውም በአላሞ ያልነበረ ዊልያም ዙበር የተባለ ሰው ሲሆን፣ ከአላሞ አምልጦ በወላጆቹ ቤት ካረፈ ሰው የተሰማ ነው ብሎ ነው የጻፈው። እኔ ይህን እንደ ታሪክ አልቆጥረውም። ልጅ ቢማረው ጉዳት የለውም፤ እንደ ማስረጃ ግን አይቀርብም።

የክሮኬት አሟሟት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቆረጥም። ከውስጥ ከተረፉት መካከል የመድፈኛ ሹም ሚስት የነበረችው ሱዛና ዲኪንሰን፣ ስትወጣ አስከሬኑን በምሽጉ ቤተ ክርስቲያንና በረጅሙ የወታደር ቤት መካከል እንዳየችው ተናግራለች። በሌላ በኩል ተማርከው የተገደሉ ጥቂት ሰዎች እንደነበሩ፣ ክሮኬትም ከእነርሱ አንዱ እንደሆነ የሚናገር ወሬ በዚያው በ1836 በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ወጥቷል። ሆሴ ኤንሪኬ ዴ ላ ፔኛ የተባለ የሜክሲኮ መኮንን የጻፈው ማስታወሻም ሳንታ አና ክሮኬትን ጨምሮ ሰባት የሚሆኑ ምርኮኞችን እንዳስገደለ፣ መኮንኖቹም በድርጊቱ እንዳፈሩ ይተርካል። ማስታወሻው በሜክሲኮ በ1955፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ1975 ሲታተም ቴክሳስ ውስጥ የተነሣው ቁጣ የሚገርም ነበር፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በፊት በ1950ዎቹ አጋማሽ ልጆቹ ሁሉ በቴሌቪዥን ያዩት ክሮኬት ጠመንጃውን እያወዛወዘ ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ ነው ተብሎ ተከሰሰ፤ ወረቀቱ ተመርምሮ የዘመኑ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ይሁን እንጂ መኮንኑ ክሮኬትን በመልክ ያውቀው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። ለእኔ በጣም የሚደንቀኝ ክርክሩ ራሱ ነው፦ እጁ ታስሮ የተገደለ ሰው ከተዋግቶ ከሞተ ሰው ያነሰ ጀግና የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

መልስ፦ የሳን አንቶኒዮ ነዋሪ

እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ። ጠያቂው “የተዋጉበት ምድር ተወላጆች አልነበሩም” ሲሉ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የሚያጎላቸውን ሦስት ስሞች ብቻ ይዘው ነው። እዚሁ ሳን አንቶኒዮ ተወልደው ከሳንታ አና ጋር የተዋጉ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ ቴሃኖዎች ነበሩ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አእምሮ አርበኛ የሚመስለው ከሁሉ ይልቅ የእነርሱ ሥራ ነው።

ሁዋን ሴጊን በ1806 በዚህች ከተማ ተወለደ። የ1824ቱን ሕገ መንግሥት ለማስከበር የራሱን ሰዎች አስታጥቆ ተሰለፈ፤ ከአላሞ በከበባው መሐል የወጣው ፈርቶ ሳይሆን ቋንቋውንና መንገዱን ስለሚያውቅ የርዳታ ጥሪውን ይዞ እንዲወጣ ስለ ተላከ ነው። በሚያዝያ 21 ቀን በሳን ሃሲንቶ ወሳኙ ጦርነት ሲደርስ የቴክሳስ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሳም ሂዩስተን የሴጊንን ሰዎች ከኋላ ስንቅ ጠባቂ ሊያደርጋቸው አስቦ ነበር፤ ሴጊን አሻፈረኝ አለ። በመልክ ከጠላት ጋር እንዳይምታቱ በባርኔጣቸው ላይ ካርቶን ሰክተው ገቡ። እስቲ ይህን ዐስቡት፦ ከፊት ጠላት፣ ከጎን ደግሞ ያ ካርቶን ቢወድቅ ሊተኩስባቸው የሚችል ወዳጅ።

ያ ጦርነት 18 ደቂቃ ብቻ ፈጀ ይባላል፤ ግድያው ግን ከዚያ በላይ ቀጠለ፤ እጃቸውን ለመስጠት የሞከሩ ብዙዎች “አላሞን አስታውሱ፣ ጎልያድን አስታውሱ” እየተባለ ተገደሉ። በጎልያድ ከተማ ከሦስት ሳምንት በፊት ከሦስት መቶ በላይ ምርኮኞች በሳንታ አና ትእዛዝ ተረሽነው ስለነበር ቁጣው አልበረደም። ከሜክሲኮ ወገን ወደ 630 ሰው ሞተ፣ ከቴክሳስ ወገን ዘጠኝ፤ ሳንታ አናም በማግሥቱ ተማረከ። ለዚህ ድል መንገድ የጠረገው ደግሞ ሌላ የማይወሳ የጠረፍ ሰው ነው። ኢራስተስ ስሚዝ ጆሮው ብዙም ስለማይሰማ “ደንቆሮው ስሚዝ” ይሉት ነበር፤ ኒው ዮርክ ተወልዶ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ቴሃና አግብቶ ልጆች ወልዶ የሚኖር ሰው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ከማንም ወገን አልነበረም። በ1835 ከአደን ሲመለስ የሜክሲኮ ዘብ ወደ ከተማ ገብቶ ቤተሰቡን እንዳያይ ስለከለከለው ከአማፅያኑ ጋር ተቀላቀለ፣ ምርጥ ቃፊራቸውም ሆነ። በሳን ሃሲንቶው ዕለት የቪንስን ድልድይ አፍርሶ ለሁለቱም ጦር የማምለጫውን መንገድ የዘጋው እርሱ ነው።

ስለ ወንድማማቾች ኤስፓርሳም ልጨምር። ግሬጎሪዮ ከአላሞ ውስጥ መድፈኛ ሆኖ ተዋግቶ ሲሞት፣ ወንድሙ ፍራንሲስኮ በሳንታ አና ወገን ነበር። ፍራንሲስኮ ጄኔራሎቹን ለምኖ የወንድሙን አስከሬን ፈልጎ አገኘና በክርስቲያን ሥርዓት ቀበረው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲቃጠሉ እንዲህ የተቀበረው ግሬጎሪዮ ብቻ ነው።

የሴጊን መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። በየካቲት 1837 የአላሞን ሰዎች አመድ በክብር አስቀብሮ ንግግር አደረገ፤ በሪፐብሊኩ ሴኔት አገለገለ፤ የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ሆነ። ከዚያ በየጊዜው ከምሥራቅ የሚጎርፉት አዳዲስ ሰዎች ስፓኒሽ ተናጋሪውን ሁሉ እንደ ከዳተኛ ማየት ጀመሩና በ1842 ነፍሱን ለማዳን ወደ ሜክሲኮ ሸሸ፤ እዚያም እስር ወይም የሜክሲኮን ጦር ማገልገል ከሚሉት አንዱን ምረጥ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ሳን አንቶኒዮን ከያዘው የሜክሲኮ ጦር ጋር ተሰልፎ ታየ። ለጠላቶቹ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። በ1890 በኑዌቮ ላሬዶ ሞተ።

መልስ፦ የጎጃም ልጅ

የሴጊን ታሪክ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን አስታወሰኝ። አምስት ዓመት ለጣልያን ሳይገዛ ተዋግቶ፣ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። ጀግና ከድል በኋላ ለባለ ሥልጣን የሚያሰጋ ይመስላል።

መልስ፦ የሕግ ተማሪ ከኦስቲን

ወንድሜ፣ ማነጻጸሩ ከአንድ ቦታ በላይ አይሄድም። በላይን የሰቀለው እርሱ ያስመለሰው ሥርዓት ነው፣ ክርክሩም የሥልጣንና የማዕረግ ነበር። ሴጊንን ያሳደደው ግን ሥርዓቱ ብቻ አይደለም፤ ከድሉ በኋላ መጥተው መሬቱን የፈለጉ ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀድሞ የጻፍሁት የመሬት ነገር እዚህም አልቀረም።

ያልተነሣ አንድ ሰው ደግሞ አለ። ትራቪስ አላሞ ውስጥ ጆ የሚባል ባሪያ ነበረው፤ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት። ጌታው ከአጥሩ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ አጠገቡ ነበር፣ እርሱም ተኩሷል፤ ከጦርነቱ በኋላ በሪፐብሊኩ ካቢኔ ፊት ቆሞ ያየውን በዝርዝር መሰከረ። ስለ ትራቪስ አሟሟት የምናውቀው አብዛኛው ከእርሱ ቃል የተወሰደ ነው። ከምስክርነቱ በኋላ የትራቪስ ንብረት ሆኖ ለወራሾች ተመለሰ። የሳን ሃሲንቶ ድል አንደኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ በሚያዝያ 21 ቀን 1837፣ ጆ ጠፋ፤ ወራሾቹም አስይዙልን ብለው በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ።

መልስ፦ የሳን አንቶኒዮ ነዋሪ

ለጠያቂው የመጨረሻ ማሳሰቢያ፣ ልጅዎን ይዘው ለመምጣት ካሰቡ። በፖስት ካርድ ሁሉ ላይ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያኑን ቅስት አናት ክሮኬት አላየውም፤ የአሜሪካ ጦር ሕንፃውን መጋዘን ሲያደርገው በ1850 የጨመረው ነው። ከባዱ የእጅ በእጅ ውጊያ የተካሄደው በስተግራ ባለው ረጅም የድንጋይ ቤት ውስጥ ስለሆነ እርሱን ሳያዩ አይውጡ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወደ ሂዩስተን ወርዳችሁ በላ ፖርት የሚገኘውን የሳን ሃሲንቶ ሐውልት እዩ፤ 173 ሜትር ያህል ቁመት አለው፣ በሊፍት እስከ አናቱ ይወጣል፤ ከላይ ሲታይ ሜዳው ከረግረጉና ከባሕሩ መካከል የተወሸቀ ስለሆነ፣ የሜክሲኮ ወታደሮች ለምን መሸሻ እንዳጡ ያለ አስረጂ ይገባል።